ደንገል፣ ታንኳና መረብ በጣና ሐይቅ

የአገራችን ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አዘውትሮ የሚነሣው ጥያቄ ማን ነገሠ፣ ማን ዘመተ የሚለው ነው። ንጉሡን በውኃ ላይ ያሻገረው ማን እንደነበረ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በጣና ሐይቅ ላይ ባለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ጀምሮ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም እንዳረፈ ይነገራል። በደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና ሥዕሎች ደግሞ ለብዙ ጥናትና ጽሑፍ ርእስ ሆነዋል። ይህ ሁሉ ቅርስ በእግር ተጉዞ ደሴት አልገባም። በእነዚያ ዘመናት በሐይቁ ላይ ሰውንም ዕቃንም ያሻግር የነበረው ከደንገል የተሠራው ታንኳ ነው፤ ታንኳውን የሚሠሩትና የሚቀዝፉት ሰዎች ግን በዜና መዋዕሉ ዳርቻ እንኳ ስፍራ አላገኙም።

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሰፊ ነገር ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራም 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ዐባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ በጢስ ዐባይ ወደ 40 ሜትር ከሚደርስ ገደል ይወረወራል። ይህ ገደል ለጎብኚ ውበት ሲሆን፣ ለዓሣ ግን የተዘጋ በር ነው። ከታችኛው የዐባይ ተፋሰስ ዓሣ ሽቅብ ሊወጣ ስለማይችል፣ በሐይቁ የቀሩት ዓሦች ከዘመዶቻቸው ተለይተው ለብቻቸው ተለውጠዋል። የዚህን ነገር ክብደት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ታንኳን የመሥራት ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚያያዘው ነገደ ወይጦ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሕዝብ ጋር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር በመጣበት ጊዜ ስለዚህ ሕዝብ ጽፏል። ወይጦዎች ዓሣ አስጋሪዎችና ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብም ይታወቁ ነበር። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በመባላቸውም እንደ ርኩስ ተቆጥረው ጎረቤቶቻቸው ማዕድ አይጋሯቸውም፣ ልጅም አይሰጧቸውም ነበር። እስልምናን ቢቀበሉም እንኳ በእምነት የሚመስሏቸው ጎረቤቶች ሙሉ በሙሉ ወንድም አድርገው አልተቀበሏቸውም። በባላባታዊው ሥርዓት ርስት የሌለው ሰው ሰው የሚባልበት መንገድ ጠባብ ስለነበረ፣ የእነርሱ ርስት ውኃው ብቻ ሆኖ ኖሯል። ጥንት የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይታወቃል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ያ ቋንቋ በወጉ ሳይመዘገብ ስለሞተ፣ የሐይቁን ነፋስ፣ የዓሣውን ዐይነትና የታንኳውን ክፍል ሁሉ የሚጠራበት ቃላት አብረውት ሄደዋል። ለቋንቋ ተመራማሪዎቻችን ይህ ኪሳራ ከአንድ የተቃጠለ ቤተ መጻሕፍት የሚያንስ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ደንገል በሐይቁ ዳርቻ ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚረዝም፣ ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ ተክል ነው። የግንዱ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ያለ፣ አየር የሞላበት ለስላሳ ሥጋ ስለሆነ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ሠሪው ደንገሉን ከሥሩ ቆርጦ በፀሐይ ያደርቀዋል፤ ከደረቀ በኋላ ነዶ ነዶ እያደረገ በገመድ ያስረዋል። ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጋጥመው ሲጠበቁ የታንኳው ወለልና ጎን ይወጣል፤ አፍንጫው ወደ ላይ እንዲቀና ተደርጎ ይታሰራል። በመካከሉ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፍና ቀዛፊውም ጭነቱም ከውኃው ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። በዚህ ሥራ ውስጥ ምስማር የለም፣ ሳንቃ የለም፣ ቅጥራን የለም። ታንኳው እንደ እንጨት ጀልባ ውኃን በመከልከል አይንሳፈፍም፤ ውኃ በነዶዎቹ መካከል እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል፤ ጭነቱን የሚሸከመው በደንገሉ ውስጥ የታሰረው አየር ነው። ስለዚህም ቢገለበጥ እንኳ አይሰጥምም። ጠላቱ ግን እርጥበት ነው። ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ በጥንቃቄ የተያዘውም ቢሆን ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው።

የዕድሜው ማጠር ለታሪክ ጸሐፊ ችግር ፈጥሯል። የጎንደር ግንብ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በፋሲለደስ ዘመን ሐይቁን ያቋረጠ ታንኳ ግን በየትኛውም ቤተ መዘክር ሊገኝ አይችልም። እያንዳንዱ ታንኳ አዲስ ነው፤ ጥንታዊው ነገር የሠሪው እጅ ዕውቀት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በጎርጎራ የሰፈሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ያዩት ታንኳ፣ እንግሊዛዊው ቆንስል ሮበርት ቺዝማን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐይቁን ሲያጠና የገለጸው ታንኳ፣ ዛሬም ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ሲጭን የምናየው ታንኳ የአንድ ትምህርት ተማሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የወጣ ነገር ላንሣ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በጥንት ዘመን ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር የሚለውን ሐሳቡን ለመፈተን በተነሣ ጊዜ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችው ጀልባው ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች በግብፅ ፒራሚዶች ሥር ተሠርታ፣ ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሣች፤ የአትላንቲክን አብዛኛውን ክፍል ካቋረጠች በኋላ ግን ኋላዋ ውኃ እየጠጣ ሰጥሞ ተተወች። በዓመቱ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች የታሰረችው «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ዓለም ስለዚህ ጉዞ ብዙ ጻፈ፤ ደንገሉ ከወጣበት ሐይቅ ዳር የሚኖረው ታንኳ ሠሪ ግን ከዚህ ዝና የደረሰው ነገር አልነበረም። ጥሬ ዕቃ ከእኛ፣ ስም ለሌላ የሚለው የቆየ ቅሬታ በደንገልም ላይ ደርሷል ማለት ነው።

የታንኳው ዓሣ አስጋሪ መሣሪያው ቀላል ነበር፤ መንጠቆና ክር፣ ጦር፣ ከቃጫ የተሠራ መረብ፣ ዓሣው ከገባ በኋላ መውጫ የሚያጣበት የሸንበቆ ወጥመድ። ከዚህ ሌላ ብርብራ አለ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ በወንዝ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣው ራሱን ስቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ትልቁን ከትንሹ፣ እንቁላል ያዘለውን ከሌላው አይለይም፤ ስለዚህ የቀድሞው ሰው ሁሉ ተፈጥሮን ይጠብቅ ነበር የሚለው አነጋገር ሲሰማ ብርብራን ማስታወስ ይገባል። ሐይቁን ይጠብቅ የነበረው ከሰዎች በጎነት ይልቅ የመሣሪያው ዐቅም ነበር። በደንገል ታንኳ ላይ ያለ ሰው ከዳርቻ ብዙ አይርቅም፤ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ ያስፈራዋል። የሐይቁ መካከል ለዓሣው መሸሸጊያ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓሣዎቹስ ምን ነበሩ? በገበያ የሚታወቁት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1836 ከሐይቁ ዓሦች ጥቂቶቹን በሳይንስ ስም ጠራ። በፋሺስት ወረራ ዘመን የጣልያን አካዳሚ የጥናት ቡድን ወደ ጣና ልኮ ነበር፤ ወራሪው የአገሩን ሀብት ሳይቆጥር አይቀመጥምና። የዚህ ጥናት ውጤት የሆነው የቢኒ የዓሣ ጥናት በ1940 እ.ኤ.አ. ታተመ። ነገሩ በሚገባ የተብራራው ግን ብዙ ቆይቶ፣ በሆላንድ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ በ1990ዎቹ ባካሄዱት ጥናት ነው። በአንድ ስም ነጭ ዓሣ ሲባል የኖረው 15 የተለያዩ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች መሆኑ ተረጋገጠ። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ የወገናቸው ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ሲታሰብ ይህ እጅግ የሚያስገርም ነው። በፊሊፒንስ በላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ከጠፋ ወዲህ፣ በዓለም ላይ የቀረው የዚህ ዐይነት የዓሣ ስብስብ የጣናው ብቻ ነው። አስጋሪዎቹ የመልክና የአፍ ልዩነታቸውን ከሳይንሱ አስቀድመው ሳያውቁት አልቀሩም ብዬ አምናለሁ፤ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ኡርክ ከተባለችው የሆላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት የርዳታ ድርጅት ከመንግሥትና ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና አስገባ። ውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ የሚዘረጋው ይህ መረብ፣ አንዱ ብቻ 100 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ ዓሣው በዐይኖቹ ሲያልፍ ጭንቅላቱ ገብቶ በጉንጩ ይያዛል። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። ርሃብ አገር ባስጨነቀ በማግሥቱ፣ በቅርብ ያለን ምግብ ወደ ሕዝቡ አፍ ማድረስ ማንም የሚመኘው ነገር ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ተደራጁ፣ ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባ ገበያ ዓሣ ቀረበ፤ በዐቢይ ጦም ጊዜ ፍላጎቱ ይበልጥ ይጨምር ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. 39 ቶን ገደማ የነበረው የባለ ሞተር ጀልባዎቹ ዓመታዊ ምርት በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው፤ በሪፖርት ላይ ሲነበብ የሚያስጨበጭብ ቁጥር ነው።

ሪፖርቱ ያልተናገረው ነገር በክረምት የሚሆነው ነበር። ከ15ቱ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ እንቁላል የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ዝናቡ ወንዞቹን ሲሞላ፣ በተለይ ከነሐሴ እስከ መስከረም፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በግልገል ዐባይና በመሳሰሉት ወንዞች አፍ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠርና ንጹሕ ውኃ ባለበት ገባር ላይ ይራባሉ። ዕድገታቸው ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ለመውለድ የሚደርሰው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። መረቡ በዚያ ወቅት በወንዙ አፍ ሲዘረጋ የሚይዘው የዘመኑን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ትውልድ ነው። ማርቲን ደ ግራፍ፣ ተስፋዬ ውድነህና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ የጫጩቶቹ መቀነስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ቀረሶና አምባዛ እንደዚህ አልተጎዱም፤ በሐይቁ ዳርቻና በረግረጉ ስለሚራቡ ወንዝ አፍ ላይ የሚጠብቃቸው ወጥመድ የለም።

በዚህ ዘመን ስለ ዓሣ ማስገር የሚወያይ ሰው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያን ሳያነሣ አያልፍም። በድምፅ ሞገድ ጥልቀትን የሚለካው መሣሪያ ከጀልባው ሥር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ከሐይቁ ወለል ወይም ከዓሣ አካል ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ድምፅ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በጣና አማካይ ጥልቀት ላይ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ አንድ መቶኛ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ለሊቃውንቱ የዓሣውን ብዛት ለመገመት ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ በሳተላይት አቅጣጫ የሚያመለክተውም ጭጋግና ማዕበል ሲነሣ ነፍስ ያድናል። የታንኳው ሰው ግን ጥልቀትን የሚያውቀው በዘንጉ ነው፤ ዘንጉ ጭቃ ሲነካና ድንጋይ ሲነካ የሚሰጠው ስሜት የተለያየ ነው። በነሐሴ ወር በጉማራ አፍ ለቆመ ሰው ደግሞ ዘንግም የድምፅ መሣሪያም አያስፈልገውም፤ ዓሣው ራሱ ይመጣለታል። ስለዚህ በጣና የደረሰውን ጉዳት በረቀቀ መሣሪያ ማመካኘት ከእውነት መራቅ ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ተራ መረብ ነው፤ በተራ ቦታ፣ በተሳሳተ ወር የተዘረጋ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ይሁንና የመረብ ዐይን እየጠበበ፣ በቀላሉ የማይታየው ቀጭን የፕላስቲክ መረብም ወደ ሐይቁ እየገባ ሄዷል። ታንኳ ሠሪዎቹስ? ሞተሩ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የተጠቀሙት እነርሱ አልነበሩም፤ ገንዘብና ቅርበት ያለው አዲሱ አስጋሪ ቀደማቸው። ባሕር ዳር እየሰፋች ስትሄድ የሰፈሩበት ዳርቻ ተፈላጊ መሬት ሆነ። በ1996 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ወለል በሰው ፈቃድ ከፍ ዝቅ እንዲል አደረገው፤ ውኃው በሸሸበት ዳርቻ እርሻ ገባ፣ ደንገሉም ሳሳ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ታየ። አረሙ የሚነጠፈው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ማለትም ታንኳው በሚሠራበትና ደንገሉ በሚበቅልበት ስፍራ ነው። ቀድሞ ሠሪው ከቤቱ ደጃፍ ይቆርጠው የነበረውን ደንገል ዛሬ ርቆ ሄዶ ወይም በገንዘብ ገዝቶ ነው የሚያመጣው፤ ከዚያም እንደ አባቱ በፀሐይ ያሰጣዋል።