በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሂሳብ፤ የኡጋንዳ የትምህርት ቤት ድጎማ ታሪክና ትምህርቱ

መግቢያ

መንግሥት የሚሰበስበውንና የሚያወጣውን ገንዘብ መዝግቦ መያዝ ጥንታዊ ተግባር ነው። መዝገቡን ለሕዝብ መግለጥ ግን በብዙ አገሮች የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። ዛሬ ስለ ግልጽ የመንግሥት መረጃ ሲነገር ቀድመው ወደ አእምሮ የሚመጡት ኮምፒዩተርና ተንቀሳቃሽ ስልክ ናቸው። ይሁን እንጂ በአፍሪካ በዚህ ረገድ አዘውትረው ከሚጠቀሱት ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው በጋዜጣ፣ በራዲዮና በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ይኸውም የኡጋንዳ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች ድጎማ ታሪክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪኩን ባጭሩ አቅርቦ፣ መረጃ ገንዘብን ወደ ታሰበለት ቦታ ለማድረስ የሚረዳው በምን ሁኔታ እንደሆነ ማመልከት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያልደረሰው ድጎማ

ከ1986 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ኡጋንዳ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የምትመድበውን በጀት እያሳደገች ሄደች። ነገር ግን በጀቱ በወረቀት ላይ ሲያድግ፣ በመንግሥት መዝገብ የተማሪዎች ቁጥር ባለበት ቆሞ ታየ። ገንዘቡ ወዴት ሄደ? ይህን ለማወቅ በ1996 በ19 አውራጃዎች በሚገኙ 250 ት/ቤቶች ከ1991 እስከ 1995 የነበረው ሂሳብ ተመረመረ። መርማሪዎቹ ማዕከላዊው መንግሥት ላክሁ ያለውን ት/ቤቱ ተቀበልሁ ካለው ጋር አነጻጸሩ።

ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ለመጻሕፍት፣ ለጠመኔና ለመሳሰለው የትምህርት መሣሪያ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ከተላከው ድጎማ ውስጥ ት/ቤቶች ዘንድ የደረሰው በአማካይ ከመቶ 13 እጅ ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ት/ቤቶች ምንም አላገኙም። ቀሪው በአውራጃ ሹማምንት እጅ ላይ ቀርቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የተሻለ ኑሮ ባለው ማኅበረሰብ መካከል የሚገኙት ት/ቤቶች ከድሆቹ ይልቅ የበለጠ ድርሻ ማግኘታቸው ነው።

በአንጻሩ ለመምህራን ደመወዝ በተላከው ገንዘብ ላይ የታየው ጉድለት እጅግ ያነሰ ነበር። መምህሩ የደመወዙን ልክ ያውቃል፤ ሲጎድልበትም ይጠይቃል። የድጎማውን ልክ ግን የት/ቤቱ ዲሬክተርም ሆነ ወላጆች አያውቁም ነበር። መኖሩን ያላወቁትን ገንዘብ ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

የጋዜጣው ዘመቻ

የኡጋንዳ መንግሥት ይህ ሁኔታ ከተገለጠ በኋላ ለየአውራጃው የሚላከውን ገንዘብ በየወሩ በጋዜጦችና በአገር ውስጥ ቋንቋ በሚታተሙ እትሞቻቸው ማሳተም ጀመረ። ራዲዮም ይህንኑ አሰማ። በኋላም እያንዳንዱ ት/ቤትና የአውራጃ ጽሕፈት ቤት የተቀበለውን ገንዘብ ልክ ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጥፍ ታዘዘ። ጊዜውም ወሳኝ ነበር። በ1997 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ በመደረጉ፣ ቀድሞ ሦስት ሚሊዮን ያህል የነበረው የተማሪ ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

በ2001 ሁኔታው እንደገና ሲመረመር ት/ቤቶች ከድጎማቸው ከመቶ 80 እጅ በላይ እንደሚያገኙ ታወቀ። ተመራማሪዎቹ ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሰን ጋዜጣ ከሚሸጥበት ቦታ አጠገብ የሚገኙ ት/ቤቶች ዲሬክተሮች የድጎማውን ደንብ ከሌሎቹ አብልጠው እንደሚያውቁና ት/ቤቶቻቸውም የበለጠ ድርሻ እንደሚያገኙ አሳዩ።

የተነሣው ክርክር

ይህ ውጤት በዓለም ዙሪያ ከተሰማ በኋላ፣ ለውጡን ሁሉ ለጋዜጣ መስጠት ተገቢ አይደለም የሚሉ ተነሡ። ፖል ሀባርድ በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፣ በዚያው ዘመን የገንዘብ አላላክና የቁጥጥር ሥርዓቱም እንደተሻሻለ አስታውሰዋል። ስለሆነም ጋዜጣው ብቻውን አልሠራም፤ ከበላይ የሚቆጣጠር፣ ከበታችም የሚጠይቅ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ተለውጧል። ኬንያ በሐምሌ 2011 የመንግሥትን መረጃ ለሁሉም የሚገልጥ ድረ ገጽ ከፈተች። ነገር ግን በዚያው አገር ገጠር የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት ሌላ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ልጆቻቸው በማንበብና በሂሳብ ያላቸው ችሎታ ተፈትኖ ውጤቱ የተነገራቸው ወላጆች፣ ካልተነገራቸው ይልቅ ለትምህርቱ መሻሻል አብልጠው ሲንቀሳቀሱ አልታዩም። የኡጋንዳው ዲሬክተር የሰማው የሚገባውን ገንዘብ ልክና የሚጠይቅበትን ቦታ ነበር። የኬንያው ወላጅ ግን ችግሩን ሲሰማ፣ ማንን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ በዚያው ልክ አልተገለጠለትም።

ማጠቃለያ

ይህ ታሪክ ከእኛም የራቀ አይደለም። በአገራችን ከ2009 ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ ድጎማ ለት/ቤቶች ተሰጥቷል። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590/2000ም በመንግሥት አካል የተያዘን መረጃ የመጠየቅ መብት ደንግጓል።

እንግዲህ ዕቅድ አውጪው ድረ ገጽ ከማዘጋጀቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ሊመለከት ይገባዋል። አንደኛ፣ የሚወጣው አኃዝ ለአንድ የታወቀ ት/ቤት የተመደበውን ልክ በትክክል ማሳየት አለበት። የአገር አቀፍ ድምር ለገጠሩ ወላጅ ብዙ አይነግረውም። ሁለተኛ፣ መረጃው ሰው በሚያልፍበት ቦታና በሚያነበው ቋንቋ መቅረብ አለበት። ሦስተኛ፣ ጉድለት ሲገኝ አቤቱታ የሚቀበልና መልስ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት ከነስሙ መገለጽ አለበት።

የመምህሩም ኃላፊነት ቀላል አይደለም። በግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አውራጃውን ብቻ ሳይሆን ት/ቤቱንም ያስጠይቃል። የመጣውን ገንዘብ ያየ ወላጅ መጽሐፉ የት እንዳለ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው በመጣ ጊዜ ሂሳቡን ዘርዝሮ ለማስረዳት የተዘጋጀ ት/ቤት ከአውራጃው የጎደለበትንም ለመጠየቅ አፉን ሞልቶ ይናገራል።