የመኖሪያ ሰነድ፦ ማውጣት አንድ ነገር፣ ሁልጊዜ መያዝ ሌላ

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ፍተሻ ሲኖር ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ወርዶ መታወቂያ ማሳየቱ የተለመደ ነው። በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ ወይም በባኮ ገበያ የሚውል ገበሬ ግን መታወቂያውን ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይልቅ ከሣጥኑ ያስቀምጠዋል። ዝናብና ላብ ያበላሸዋል፤ ከጠፋም ምትኩን ለማግኘት ምልልሱ ብዙ ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው፣ የአገር ልጅም ሆነ የውጭ ዜጋ፣ ነዋሪነቱን የሚያስረዳ ሰነድ ዘወትር ይዞ እንዲንቀሳቀስ መገደድ አለበት ወይ የሚለው ጥያቄም በዚህ አካባቢ ከዕለት ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ መነሻው የደርግ ዘመን ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌው ነዋሪውን መዘገበ፤ መታወቂያ ሰጠ፤ ራሽን አከፋፈለ፤ ውሎ አድሮም ማን ወጣ ማን ገባ የሚለውን መቆጣጠር ጀመረ። ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ለመጓዝ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ እንደነበር በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ነዋሪዎች አይዘነጉትም። ለአገልግሎት የታሰበ ወረቀት ለቁጥጥርም ማገልገሉ ከመነሻው አብሮት ያለ ጠባይ ነው።

ይህ ሁለት መልክ ዛሬም አለ። መታወቂያ የሌለው ሰው ቤት ለመከራየት፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት፣ ሲም ካርድ ለማውጣት፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ለመከራከር ይቸገራል። ከጀልዱ ወይም ከአደአ በርጋ ተነሥቶ ለሥራ አዲስ አበባ የገባ ወጣት አዲስ መታወቂያ ለማግኘት ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ማምጣት ይጠበቅበታል። መሸኛው እስኪደርስለት ድረስ በገዛ አገሩ ሰነድ የሌለው ሰው ሆኖ ይቆያል። አከራዩ ማረጋገጫ ካልሰጠው ደግሞ መሸኛውም ብቻውን አይበቃም። ሰነድ መያዝን ግዴታ የሚያደርግ አሠራር በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ሰው ነው፤ ጥፋቱም ሰነዱን አለማውጣት ሳይሆን በሁለት ቀበሌ መካከል መገኘቱ ነው።

የውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ

በምዕራብ ሸዋ የውጭ ዜጋ ብርቅ አይደለም። በሙገር አካባቢ ባሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎችና በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ከሌላ አገር የመጡ ባለሙያዎች ሠርተዋል። ለእነዚህ ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ቀበሌ ሳይሆን የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው፤ መሠረቱም የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 ነው። ፈቃዱ ጊዜያዊ ወይም ቋሚ ሊሆን ይችላል። ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለውን መታወቂያ ያወጣሉ፤ ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛና ያለ የሥራ ፈቃድ መኖርና መሥራት ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ስደተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 የሚታወቅ የራሳቸው የማንነት ወረቀት አላቸው። አንድ የከተማ ፖሊስ በመንገድ ላይ እነዚህን ሁሉ የካርድ ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ አለበት ማለት ነው። ካላወቀ፣ ሕጋዊ ሰው ሕጋዊ ሰነድ ይዞም ሊጉላላ ይችላል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በዚህ ላይ ቸልተኛ አይደለም። አንቀጽ 32 በአገሪቱ ውስጥ በነጻ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ መብትን የሚሰጠው ለኢትዮጵያዊ ብቻ ሳይሆን በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ ለሚገኝ የውጭ ዜጋም ጭምር ነው። አንቀጽ 17 ማንም ሰው ከሕግ ውጭ ነጻነቱን እንዳያጣ፣ አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለማድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ሰነድ ቤት መርሳት በእነዚህ ድንጋጌዎች ዓይን ሲታይ ለእስር የሚያበቃ ምክንያት መሆኑ እጅግ አጠራጣሪ ነው።

የግዴታው ክብደት የታየበት የቅርብ ጊዜ ምሳሌ የ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። በጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በታወጀው በዚያ አዋጅ ዘመን ነዋሪዎች መታወቂያ ይዘው እንዲንቀሳቀሱ፣ አከራዮችም የተከራዮቻቸውን ማንነት ለፖሊስ እንዲያሳውቁ ታዝዞ ነበር። አዋጁ በየካቲት ወር ተነሣ። በወቅቱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ብሔርን መሠረት ያደረገ የሚመስል እስር እንዳሳሰበው ገልጾ ነበር። በብዙ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ታትሞ መኖሩ ሲታሰብ የስጋቱ ምንጭ ግልጽ ነው፤ ስም፣ ፎቶና አድራሻ ለማረጋገጥ የተጠየቀ ካርድ ከተጠየቀው በላይ ይናገራል።

በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን

ጥያቄው ከምዕራብ ሸዋ ወጥተው በባሕር ማዶ ለሚኖሩ ልጆችም ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ የውጭ ዜጋ «ግሪን ካርዱን» ወይም ሌላ የምዝገባ ማስረጃውን ሁልጊዜ እንዲይዝ የፌዴራል ሕጉ ያዛል፤ የምዝገባው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1940 የተጀመረ ነው። የአሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ የግዛት ወንጀል ለማድረግ ስትሞክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ያንን ክፍል ሽሮታል። ፖሊስ በሌላ ምክንያት ያስቆመውን ሰው፣ ያለ ፈቃድ መኖሩን የሚያስጠረጥር ነገር ካየ፣ ሕጋዊነቱን እንዲያጣራ የሚያዘውን ክፍል ግን በወቅቱ አልነካውም። ካርዱን ሥራ ቦታ ረስቶ የወጣ ሕጋዊ ነዋሪ የሚሰጋው በእንዲህ ያለ ክፍተት ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። «ኢቃማ» የሚባለው የመኖሪያ ካርድ ከአሠሪው ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ ከአሠሪዋ ጋር የተጣላች የቤት ሠራተኛ ሰነዷ ከእጇ ሊወጣ ይችላል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተጀመረው አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገር መልሷል። ጀርመን ሌላ መንገድ ትከተላለች፦ ዜጋው ከ16 ዓመቱ ጀምሮ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ሊኖረው ግድ ነው፤ በኪሱ ይዞ እንዲዞር ግን አይገደድም።

የጀርመን ልዩነት ለአምቦና ለአካባቢዋም ጠቃሚ ይመስላል። መንግሥት ማን በግዛቱ እንደሚኖር ማወቁ ተገቢ ነው፤ ያለዚያ ማዳበሪያም ሆነ ብድር በትክክል አይከፋፈልም። ሰነዱን ከእጁ ያጣን ሰው ማንነቱን እስኪያጣሩ ድረስ ማቆየት ግን ከማጣራት አልፎ ቅጣት ሊሆን ይችላል። ስልክ ባለበት ዘመን ለቀበሌ ሊቀመንበር ደውሎ ማረጋገጥ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ አንድን የወተት ነጋዴ ግማሽ ቀን ማቆም ግን ወተቱን ያበላሸዋል።

ፋይዳ ምን ይለውጣል?

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል መዝግቦ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ባለ 12 አኃዝ ነው። ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቁም። በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችም መመዝገብ ይችላሉ፤ ስለዚህም ፋይዳ ማንነትን እንጂ ዜግነትን አያረጋግጥም። ቁጥሩ በስልክ መልእክት ስለሚደርስና ታትሞም ስለሚያዝ፣ ዋናውን ሰነድ ሣጥን ውስጥ ለሚያኖረው ገበሬ ሸክሙን ያቀላል። በሌላ በኩል ስሙ በአማርኛና በላቲን ፊደል በተለያየ መልክ የተጻፈ ሰው፣ ወይም የልደት ዘመኑ በግምት የተሞላ አዛውንት፣ ስሕተቱ በአንድ ቋት ውስጥ ከገባ በኋላ በየቦታው ይከተለዋል። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው ሰው አብዛኛው የልደት ማስረጃ የለውም።

ምዝገባ ከመጨረስ በፊት በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ስምና የትውልድ ዘመን በጥንቃቄ ማንበብ፣ ማንበብ የማይችልም ከሆነ የሚያነብለትን ሰው ይዞ መቅረብ ኋላ ከሚመጣው ምልልስ ያድናል። የቀበሌ መታወቂያው የጠፋበት ሰው አስቀድሞ ለፖሊስ አሳውቆ ማስረጃውን ለቀበሌው ያቀርባል። ረጅም ጉዞ የሚሄድ ሰው ዋናውን ቤት አስቀምጦ ኮፒ ቢይዝ፣ ኮፒው በሁሉም ፍተሻ ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ማንነቱን በስልክ ለማጣራት የሚያስችል ቁጥር በእጁ ይኖረዋል።