ውጅግራ፦ ከአውሮፓ ግምጃ ቤት የወጣው ርካሽ ጠመንጃ

በየኢትዮጵያ ሬስቶራንቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የአድዋ ሥዕል ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ በኢትዮጵያውያኑ እጅ ከጋሻና ከጎራዴው ጋር ጠመንጃ መብዛቱን ሳያስተውል አይቀርም። ሥዕሉ ግን ጠመንጃው ከየት እንደመጣ፣ በስንት እንደተገዛ፣ ምን ያህል ርቀት ላይ ያለ ዒላማ እንደሚመታ አይናገርም። ስሙን ፉከራና ሽለላው ጠብቆልናል፤ ውጅግራ ይባላል።

ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፊዚ» ይላሉ። ጠመንጃውን የነደፈው መኮንን ደግሞ ሻምበል ባዚል ግራ ይባል ነበር። «ፊዚ ግራ» የሚለው ስም ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በግመል ጀርባ ሸዋ እስኪደርስ ድረስ ውጅግራ ሆኖ አረፈው። ግራና ቀኝ ከሚባለው ግራ ጋር ዝምድና የለውም። ሰናድርም እንዲሁ የእንግሊዙ «ስናይደር» ነው፤ ለበንም የፈረንሳዩ «ለበል»። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ጠመንጃ ከሞላ ጎደል ሌላው አገር የጣለው ነበር። ጄኔራል ናፒየር በ1868 ከመቅደላ ሲመለስ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለተባሉት ለደጃዝማች ካሣ በውለታ መልክ ትቶላቸው የሄደው መድፍና ጠመንጃ እንግሊዝ ከዚያ ወዲያ የማትፈልገው ነበር። የራሱ ወታደሮች የያዙት ሰናድር እንኳ አዲስ የተሠራ መሣሪያ አልነበረም። እንግሊዞች በአፈሙዝ የሚጎርሰውን አሮጌ ኤንፊልድ ከኋላው ቆርጠው፣ መክደኛ ገጥመው፣ በትንሽ ወጪ ዘመናዊ ያደረጉት ነው። ይህም ሆኖ የመቅደላ ዕለት በአሮጌ መሣሪያ የተሰለፈውን የቴዎድሮስን ጦር ለመፍጀት በቅቷል። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር የአሜሪካ ሬሚንግተን በዐፄ ዮሐንስ ሰዎች እጅ ገባ። ያኛው በገንዘብ ሳይሆን በደም የተከፈለበት ነው።

በገንዘብ የሚገዛው ግን ማታለል ያለበት ገበያ ነበር። ለዚህ ከሁሉ የሚጠቀሰው ምስክር ግጥም መጻፍ ትቶ ወደ ቀይ ባሕር ንግድ የገባው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። ራምቦ በ1885 መጨረሻ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ሳይደብቅ ዘርዝሮታል። ጠመንጃዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የተጣሉ፣ በቤልጅግ ሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡ ናቸው፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። ያ ዘመን ያመረተው ጠመንጃ አብዛኛው የአፈሙዙ ውስጥ ልሙጥ፣ ባሩድና አረር ከፊት እየተጠቀጠቀ የሚጎርስ፣ በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚለኮስ ነበር። እንዲህ ባለው መሣሪያ መቶ ሜትር ላይ የቆመን ሰው መምታት የዕድል ጉዳይ ነው።

ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ጭኖ በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሣ። በአፋር በረሃ አድርጎ ሸዋ የገባው በ1887 መጀመሪያ ነው። ምኒልክ ግን የጠበቃቸው ዓይነት ገዢ ሆነው አላገኛቸውም። ዕቃውን ጠቅልለው ያዙ፣ ዋጋውን ቆረጡ፣ ለሌላ ሰው በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከለከሉ፣ ከሟች ሸሪኩ ዕዳ የሚፈለገውንም ቀነሱ፤ የቀረውን ሐረር ሄዶ ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ራምቦ ከስሬያለሁ እያለ ለቆንስላው ረጅም አቤቱታ ጽፏል። በ8 ፍራንክ ገዝቶ በ40 ለመሸጥ ላሰበ ነጋዴ ብዙ ማዘን ይከብዳል።

ምኒልክ ለመሣሪያ ልዩ ፍቅር እንደነበራቸው፣ የመጣላቸውን ጠመንጃ ራሳቸው እየፈቱ ይመረምሩ እንደነበር ያዩዋቸው የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ዓይነት ርካሽ መኖሩን ቀድመው የተረዱ ይመስላል። አንዱ ድሮም የማይረባ፣ ወይም ዘመኑ ፈጽሞ ያለፈበት በመሆኑ ይረክሳል። ሌላው ግን ምንም ሳይጎድለው፣ ባለቤቱ የበለጠ ስላገኘ ብቻ ይረክሳል። ውጅግራ የሁለተኛው ነው።

ፈረንሳይ በ1870 እና 1871 በፕሩሲያ ተሸንፋ ከወደቀች በኋላ ጦርዋን መልሳ ስታደራጅ፣ የወረቀት ጥይት የሚጎርሰውን ሻስፖ ጥላ በ1874 የተቀበለችው መሣሪያ ነው ውጅግራ። የመንግሥት ፋብሪካዎች ለራስ ጦር፣ በጥብቅ ቁጥጥር ሠሩት። ሥራው ቀላልና ጠንካራ ነበር፤ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስቦ አንድ ጥይት ማጉረስ፣ ገፍቶ መዝጋት፣ ቃታውን መሳብ፣ በቃ። የሚሰበር ስስ ክፍል ብዙ የለውም። ከዚያ በ1886 ፈረንሳዮች ጢስ አልባ ባሩድ ፈልስፈው ለበልን አወጡ። ለአሥራ ሁለት ዓመት የአውሮፓ መመኪያ የነበረው ጠመንጃ ባንድ ጊዜ ውራጅ ሆነ። ግምጃ ቤቶች እሱን ለማራገፍ ገዢ ፈለጉ። ሙሴ ሸፍኔና ሌሎችም ነጋዴዎች በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ ያጎረፉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ዒላማ ይመታል ወይ? ይመታል። በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ 25 ግራም የሚመዝነውን የእርሳስ አረር እያሽከረከረ ይልከዋል፤ የሚሽከረከር አረር ደግሞ መንገዱን አይስትም። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። የውጅግራ አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የለበሉ ከ600 በላይ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስል። ሦስት መቶ ሜትር እስኪደርስ የውጅግራው አረር በራሱ ክብደት ሦስት ሜትር ያህል ወደ መሬት ይወርዳል፤ የለበሉ የዚያን ግማሽ ገደማ። ስለዚህ ርቀቱን በዓይኑ አሳስቶ የገመተ የውጅግራ ተኳሽ ከሰውየው እግር ሥር አፈር ያስነሣል፣ ወይም ከራሱ በላይ ያሳልፋል። እስከ መቶ ሃምሳና ሁለት መቶ ሜትር ላይ ግን በደህና እጅ የተያዘ ውጅግራ ከውዱ ጠመንጃ የሚያንስበት ነገር ጥቂት ነው። እዚያ ርቀት ላይ የመታው ደግሞ አይነሣም፤ 11 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ እርሳስ ቀልድ አይደለም።

እውነተኛው ድካሙ ከጠመንጃው ይልቅ በጥይቱ በኩል ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲነድ የሚተወው ጥላሸት የአፈሙዙን ቦይ ይደፍናል፤ በውኃ ካልታጠበም እርጥበት ስቦ ብረቱን ይበላዋል። ጢሱ ተኳሹ የተደበቀበትን ቁጥቋጦ ለጠላት ያሳያል። ከውጭ የሚመጣው ጥይት ሲያልቅ ባዶውን ቀለህ ሰብስቦ አገር ቤት በተወቀጠ ባሩድና በእጅ በቀለጠ እርሳስ መሙላት የተለመደ ነበር። አንዱ በዛ ያለ ባሩድ፣ ሌላው ሳሳ ያለ፣ አረሩም አንዱ ወፈር ሌላው ቀጠን ያለ ከሆነ ጠመንጃው ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ሊመታ አይችልም። ጥይት ውድ ከመሆኑ የተነሣ በአንዳንድ የደቡብና የምዕራብ ገበያዎች እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይቀባበሉት ነበር። ዝናሩ ውስጥ ያለው ጥይት ሁሉ ብር ከሆነበት ዘመን ለልምምድ የሚተኩስ ማን ነው? ብዙ የውጭ አገር ጸሐፊዎች «ሐበሻ አነጣጥሮ አይተኩስም» ብለው ሲጽፉ ይህን ሒሳብ አላስገቡትም።

አዳኙ ግን ሒሳቡን ያውቃል። ዝሆን የሚያድነው ሰው ጥይቱ ጥቂት፣ አረሩ ለስላሳ እርሳስ፣ ጠመንጃው ባለ አንድ ጎራሽ ስለሆነ መፍትሔው መቅረብ ነበር፤ ነፋሱን ለይቶ፣ በደረቱ ተስቦ፣ የማይሳትበት ቦታ ድረስ መቅረብ። ብዙ ሆነው ባንድ ላይ የሚተኩሱም ነበሩ። የዝሆን ገዳይ ክብር ከጥርሱ ዋጋ ያላነሰ ነበርና ወጣቱ ይሻማበታል። ከሁለቱ ጥርስ አንዱ ለገዢው ይሰጣል። ገዢውም ጥርሱን ሰብስቦ ወደ ባሕር ዳር ይልካል፤ በምላሹ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ውጅግራ ነው። ዝሆኑ ራሱን ለሚገድለው ጠመንጃ ዋጋ ከፈለ ማለት ነው።

ከዝሆን ጥርስ ሌላ ቡናው፣ ዝባዱና ወርቁም ለዚሁ ሄዷል። የከፈለው ዝሆንና ነጋዴ ብቻ አልነበረም። ጠመንጃው ከአድዋ በፊት በደቡብ ዘመቻዎች ተሞክሯል፤ በ1894 ወላይታ ላይ በጦርና በጋሻ የተከላከለው ሕዝብ የውጅግራን ኃይል በብዙ ሕይወት ነው ያወቀው። ዛሬ የአድዋን ድል የምናከብር ሰዎች ይህንንም ክፍል ብናውቀው ድሉ አይቀንስም።

አውሮፓውያን ሐምሌ 2 ቀን 1890 በብራስልስ በተፈረመው ውል ዘመናዊ መሣሪያ ወደ አብዛኛው አፍሪካ እንዳይገባ ከለከሉ። በዚያ ጉባኤ ጣሊያን በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ትርጉም ተመክታ ኢትዮጵያን ወክዬ ተገኝቻለሁ አለች። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ራሷ ጣሊያን ምኒልክን ለመደለል ስታስታጥቅ ነበር። በ1893 እንኳ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከችላቸው። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ ውሉን ግን አፈረሱ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሁለቱ ጦሮች ሲገናኙ፣ የጣሊያን ወታደር የያዘውም የመጨረሻውን ዓይነት አልነበረም። ጣሊያን በ1891 ካርካኖ የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ተቀብላ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ አፍሪካ ለሚሄደው ጦር በግምጃ ቤት የተከማቸ ጥይት ያለው አሮጌው ቬተርሊ ይበቃዋል ተባለ። ቆጣቢው የሮማ ጸሐፊ ሳያውቅ ለምኒልክ ውለታ ዋለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቬተርሊው አራት ጥይት በመጋዘኑ ስለሚይዝ ከውጅግራ ይፈጥናል። ግን የአድዋ አገር ተራራና ሸለቆ ነው፤ የጣሊያን ብርጌዶች አሰላለፍም ተለያይቶ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር በገደሉና በቁጥቋጦው እየተከለለ ሁለት መቶ ሜትር ውስጥ ሲገባ፣ የውጅግራ ድካም የተባለው ሁሉ ቀረ። ከ17 ሺህ በላይ ከነበረው ጦር ጋር የተገጠመው መቶ ሺህ ያህል ሰው ነው፤ አብዛኛውም ጠመንጃ ይዟል።

መጥፎው ነገር ውጅግራ ጊዜው ካለፈም በኋላ አለመጣሉ ነው። አባት ለልጅ አወረሰው። በ1935 ጣሊያን ዳግመኛ ስትመጣ ብዙው የኢትዮጵያ ወታደር አሁንም ያንኑ የስድሳ ዓመት ጠመንጃ፣ ብዙ ጊዜም ከጥይቱ አንዱ ሁለቱ የማይነድ ሆኖ ይዞ ተሰልፏል። በዚህ ጊዜ ፊት ለፊት ያለው አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ነበር። ርካሹ ጠመንጃ በ1888 ዓ.ም. ያዋጣው ባላጋራውም ተመሳሳይ አሮጌ ይዞ ስለመጣ ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ያ ሁኔታ አልነበረም። ቢሆንም አርበኛው በየጫካው አምስት ዓመት ሲዋጋ መነሻው ይኸው ነበር፤ በአንድ ጥይት አንድ ካርካኖ ለመማረክ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአሜሪካ ነጋዴዎች በኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች ተከማችተው የነበሩትን አሮጌ መሣሪያዎች ገዝተው አሜሪካ አስገብተዋል። ከእነዚህ መካከል ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ለበልና ካርካኖ ይገኛሉ። ገዢዎቹ የድሮ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ለአንዱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። የአፈሙዙን ውስጥ በመብራት አይተው «ዝገት በልቶታል» እያሉ ዋጋ ይከራከራሉ። በአንዳንዱ ሰደፍ ላይ የተሰነጠቀውን እንጨት በጥሬ ቆዳ የጠፈረው፣ በሽቦ ያሰረው፣ በቆርቆሮና በምስማር የጠገነው ያገራችን ሰው እጅ እስካሁን ይታያል።