አሮጌ መኪና ያኖረው እጅ

ከሀዋሳ ተነስቶ ወደ ይርጋለም፣ ዲላና ሞያሌ የሚዘልቀው አስፋልት ከተማዋን ከመልቀቁ በፊት ቱላን ያቋርጣል። ቱላ በአስተዳደር ከሀዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ ቢሆንም አብዛኛው ክፍሉ ዛሬም እንሰትና በቆሎ የሚያለማ የገጠር ቀበሌ ነው። በዚህ መንገድ የሲዳማና የጌዴኦ ቡና በአይሱዙ ወደ መሃል አገር ይወጣል፤ ሚኒባስና ባጃጅ ገበያተኛውን ያመላልሳሉ። ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ወጥተው በቀጥታ እዚህ የደረሱ አይደሉም። በሌላ አገር አገልግለው፣ በጅቡቲ ወደብ ገብተው፣ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው በሊብሬ እየተላለፉ የመጡ ናቸው። አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ አድሶ መንዳት በአገራችን የድህነት ምልክት ተደርጎ ብቻ ይታያል። ታሪኩን ከመነሻው ለሚመረምር ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። ድህነት አሮጌ መኪና እንድንገዛ አስገድዶን ይሆናል፤ የትኛው መኪና ሃምሳ ዓመት ኖሮ የትኛው በአጭር እንደሚቀጭ የወሰነው ግን የመንገድ ዳር መካኒክ እጅ ነው። በቀላል መፍቻ የሚፈታ፣ በእኛው ቶርኖ ቤት የሚታረም መኪና ኖረ፤ እጅ የማያስገባው ሞተ። የመኪና ሕጋችን ይህን እውነት ከቁጥር ሳያስገባ ኖሯል፤ አሁንም አላስገባም።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወደ አገራችን የገቡት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ግድም ለንጉሠ ነገሥቱ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከመኪናው ጋር የሚነዳውንና የሚጠግነውንም ሰው አብሮ ማምጣት ግድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመሳፍንቱና የሌጋሲዮኖች ንብረት ሆኖ ቆየ። ሙያውን ከጥቂቶች እጅ አውጥቶ ያሰራጨው የ1928ቱ ወረራ ነው። ጣሊያን ጦሩን ለመቀለብ ሲል መንገድ ጠረገ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖችን አስገባ፤ በየመናኸሪያውም ኦፊቺና ከፈተ። በ1933 ተሸንፎ ሲወጣ መኪናው፣ መሣሪያውና ብዙ የእጅ ባለሙያ ወደ ኋላ ቀሩ። ለቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት ያህል የኢትዮጵያና የኤርትራ ወጣቶች በእነዚህ ኦፊቺናዎች በረዳትነት እየገቡ ካምቢዮ ማውረድን፣ ፍሪሲዮን መቀየርን፣ የተጨማደደ ላሜራ ማቃናትን በዓይናቸው አይተው በእጃቸው ተማሩ። ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤትም ከነጻነት በኋላ ተከፍቶ የተማረ መካኒክ አፍርቷል። የብዙኃኑ ትምህርት ቤት ግን የጋራዥ ግቢ ነበር፤ ሙያው ከጌታ ወደ ረዳት የተላለፈበት መንገድም ያለ ወረቀት ነው።

ሙያው ወደ ደቡብ የወረደው መንገዱን ተከትሎ ነው። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር አገኘ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሀዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር ከጅምሯ የመንገድ ልጅ ነበረች። ቡና ከሲዳማ ምድር ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው በዚሁ መስመር ሲሆን፣ የሚጭነው መኪና ደግሞ የሚሰበረው ከዋና ከተማ ርቆ ነው። ጎማው የፈነዳበት ወይም ባሌስትራው የተሰበረበት ሾፌር ሸገርን አይጠብቅም፤ ባለበት ጎሚስታና በያጅ ይፈልጋል። ቱላን የመሳሰሉ የአውራ ጎዳና ዳር ከተሞች ከሻይ ቤትና ከእህል ገበያ ጋር የጥገና ሥራን አብረው ያሳደጉት በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የከባድ መኪና ጎማ የሚለጥፍ፣ ቀጥሎ የፍሬን ሸራ የሚቀይር፣ ቆይቶ ደግሞ ሞተር የሚያወርድ ሰው ይመጣል። የቤት መኪና ጥገና በዚህ ትከሻ ላይ ነው የቆመው።

በንጉሡ ዘመን ከገቡት የቤት መኪኖች ክርክሬን በግልጽ የምታስረዳው ቮልስዋገን ናት። በፈርዲናንድ ፖርሽ ንድፍ የተሠራችው ይህቺ መኪና በጀርመን እስከ እ.ኤ.አ. 1978፣ በሜክሲኮ ደግሞ እስከ 2003 ተመርታ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን አልፏል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አይፈላባትም። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ብቻ ስለሆኑ፣ ሁለት ሰዎች ክሪክና መፍቻ ካላቸው ከጥላ ሥር አውርደው ሊጠግኑት ይችላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በፊት የገቡ ቮልሶች እስከ ዛሬ ድረስ በየዳገቱ ሲወጡ የሚታዩት ለዚህ ነው። ቀላልነቷ ከደካማነት እንዳይቆጠርባት ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣችው የመጀመሪያዋ የፖርሽ ስፖርት መኪና፣ 356፣ የተገነባችው በአመዛኙ ከቮልስዋገን ክፍሎች ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮም በአሜሪካ አቅማቸው ውስን የሆነ ብዙ ወጣቶች አሮጌ ቮልስ እየገዙ የውድድር መኪና አድርገዋታል። በርካሽ ገዝቶ፣ በራስ እጅ አሻሽሎ መንዳት ሀብታሞቹ አገሮችም የሚኮሩበት ባህል ነው። እነሱ ዘንድ የትርፍ ጊዜ ደስታ፣ እኛ ዘንድ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ እንጂ የእጅ ጥበቡ አንድ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ፤ መኪናውን ያኖረው ሚዛን ግን ያው ነበር። ብዙ ጣሊያናውያን ባለ ጋራዦች አገር ለቀቁ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ አዲስ መኪና ማስገባት የመንግሥት ፈቃድ ጉዳይ ሆነ። ከሶቪየት ኅብረት የመጣችው ላዳ በዚህ ጊዜ ቦታ ያዘች። ላዳ ከጣሊያኗ ፊያት 124 የተቀዳች ናት። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ሲያመርቷት፣ ላሜራዋን አወፍረው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ የኋላ ፍሬኗንም ለጭቃ እንዲመች ለውጠው ነበር። ለመጥፎ መንገድ የተሠራች መኪና ወደ መጥፎ መንገድ መጣች። ከዚህም በላይ በፊያት ላይ የሠለጠነ መካኒክ የሚያውቀው አሠራር ነበራት። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የላዳ ታክሲዎች አምራቿ አገር ራሷ ከፈረሰች በኋላም ለሠላሳ ዓመት ያህል አዲስ አበባን አገልግለዋል። መለዋወጫው ሲጠፋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከሌላ ላዳ የተፈታውን ያቀርባል፤ እዚያ ከጠፋ ደግሞ ቶርኖ ቤት ይቀርጸዋል።

ከ1983 በኋላ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች በብዛት መግባት ሲጀምሩ የገዢውን ምርጫ የመራው ቀረጥ ነው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት እስከ 1300 ሲሲ የሆነ መኪና 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ የሆነው 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ስሌቱን በ100 ሺህ ብር መኪና ላይ እንሞክረው። 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በኋላ የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲደራረቡ ትንሿ ሞተር ወደ 222 ሺህ፣ ትልቋ ሞተር ወደ 342 ሺህ ብር ትደርሳለች። ጉልበት ያላት ስፖርት መኪና ለመካከለኛ ገቢ ሰው በሕግ የተዘጋች በር ነበረች ማለት ነው። ፍጥነትና ውበት የሚወድ ወጣት ፊቱን ወደ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ያዞረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዲኤክስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የተመረተች፣ ባለ ካርቡራተርና በኋላ እግሯ የምትገፋ መኪና ናት። ጃፓኖች በተራራ ጠመዝማዛ ላይ ለመንሸራተት የሚያመልኳት ኮሮላ ኤኢ86 የቅርብ ዘመዷ ናት፤ በማሌዥያና በአውስትራሊያም ወጣቶች ዲኤክሷን ራሷን ለዚሁ ስፖርት ያድሷታል። የእኛ ልጆች ሞላዋን አሳጥረው፣ ሰፊ ቸርኬ ገጥመው፣ ቀለሟን አድሰው ሲነዷት፣ ከዚያ ዓለም ጋር ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል።

በአነስተኛ ገንዘብ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ከነባር መካኒኮች የሚወርሰው ሥርዓት አለ፤ ይህ ሥርዓት የሙያውን ጥልቀት ያሳያል። ቀለም አይታመንም፤ በስቱኮ የተሸፈነ ዝገት ሊኖር ስለሚችል የበሩ ሥርና የወለሉ ላሜራ በጣት እየተንኳኳ ይደመጣል። ሞተሩ ሳይሞቅ የዘይት ክዳን ይከፈትና ከሥሩ ወተት የመሰለ አረፋ ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ጠምሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ የመግዣውን ዋጋ ያወርደዋል እንጂ መኪናዋን አይገድላትም፤ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ይላጣል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶ ይታሰራል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ ፋሻው አልቋልና ወጪው ሌላ ነው። ብልህ ባለቤት ገንዘቡን በቅደም ተከተል ያወጣል፤ ቅድሚያ ለፍሬንና ለመሪ፣ ቀጥሎ ለሞተር፣ ከዚያ ለኤሌክትሪክ፣ በመጨረሻ ለባትላሜራና ለቀለም። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ያማረች የማትቆም መኪና ይዞ ይቀራል።

ለዚህ ክርክር ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ሰው አዲስ መግዛት ቢችል አሮጌ አይጠግንም ነበርና ችግርን እንደ ጥበብ ማወደስ ተገቢ አይደለም የሚል ነው። እውነት አለው። ሆኖም ችግር ብቻውን ቢበቃ ኖሮ በርካሽ የገባ መኪና ሁሉ እኩል ዕድሜ ይኖረው ነበር። አልኖረውም። እኩል በደኸየ ገበያ ውስጥ ቮልስ፣ ላዳና ዲኤክስ ተመርጠው ሲቆዩ፣ መለዋወጫቸው የማይገኝና አሠራራቸው የተቆለፈ ሌሎች መኪኖች በየግቢው ዝገው ቀርተዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ አሮጌ መኪና ሰው ይገድላል፣ አየር ይበክላል ይላል። ኢትዮጵያ ከመኪናዋ ቁጥር አንጻር የትራፊክ ሟች ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ይህን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። መልሴ ዕድሜና ሁኔታ ይለያያሉ የሚል ነው። ፍሬኑ የተስተካከለ የአርባ ዓመት ዲኤክስ፣ ሸራው ካለቀ የአምስት ዓመት ሚኒባስ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ይህን የሚለየው በየዓመቱ ቦሎ ለመለጠፍ የሚደረገው ምርመራ ነው። ምርመራው በታማኝነት ከተካሄደ አደገኛው መኪና ከመንገድ ይወጣል፤ በይስሙላ ከታለፈ አዲሱም አያድነንም። ጭሱን በተመለከተ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው፤ ካርቡራተርን የቱንም ያህል ቢያስተካክሉት ንጹሕ አይሆንም።

ሕጉ ግን ከሁኔታው ይልቅ የትውልድ ዘመኑን መረጠ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአዲስ ትንሽ መኪና ላይ የነበረውን ኤክሳይዝ ወደ 5 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ለአየሩም ሆነ ለነዳጅ የሚወጣውን ምንዛሪ ለማዳን የኤሌክትሪክ መኪና ትክክለኛ አቅጣጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እገዳው በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ከመንገድ አላወጣውም፤ ተተኪው ስለተወደደ ይበልጥ ተፈላጊ አደረገው። በቱላ የሚያልፉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ይነዳሉ፣ ይሰበራሉ፣ ይጠገናሉ። የኤሌክትሪክ መኪናውም ቢሆን ፍሬን፣ መሪ፣ ኩሽኔት፣ ጎማና ላሜራ አለው፤ እነዚህን የሚጠግነው ያው መካኒክ ነው። የሚጎድለው የባትሪውና የከፍተኛ ቮልቴጁ ዕውቀት ብቻ ነው። ያንን ካልተማረ አዲሶቹ መኪኖች ዋስትናቸው ባለቀ ማግስት እጅ የማያስገቡ ዕቃዎች ሆነው ይቆማሉ፤ ታሪካችን ደግሞ እጅ የማያስገባ መኪና ምን እንደሚገጥመው አሳይቶናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች በአስቸኳይ ሊታሰቡ ይገባል። የሀዋሳ የሙያና ቴክኒክ ኮሌጆች በሥራ ላይ የተማሩትን የመንገድ ዳር መካኒኮች ልምዳቸውን መዝነው የብቃት ማረጋገጫ ይስጧቸው፤ በዚያው በር የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ያስተምሯቸው። የዓመታዊው ምርመራ ውሳኔ በመኪናው ዕድሜ ሳይሆን በፍሬኑ፣ በመሪውና በጭሱ ላይ ይመሥረት። አስመጪዎችም የሚያስገቡትን የኤሌክትሪክ መኪና መለዋወጫና የጥገና መመሪያ ለማንኛውም ጋራዥ ክፍት እንዲያደርጉ በሕግ ይገደዱ። ለመቶ ዓመት የገዛናቸው መኪኖች በሌላ አገር የተሠሩ ነበሩ፤ ያኖራቸው ሙያ ግን የራሳችን ነው፤ ፖሊሲ አውጪውም መጀመሪያ ሊጠብቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።