መሣሪያ የት ያድራል?

ከመካከላችን በዕረፍት ቀኗ ልብስ ስፌት የጀመረች አለች፣ ፀጉር የምትሠራ አለች፣ ሙዳይና ሰፌድ እየሰፋች የምትሸጥም አለች። የሁሉም ችግር አንድ ነው፤ ቦታ። መቀሱ ከአልጋ ሥር፣ መርፌው ከብርድ ልብስ መካከል፣ ማበጠሪያው ደግሞ ከሽንኩርቱ ጋር ይገኛል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት በፍለጋ ያልቃል። «የት አስቀመጥኩት?» የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል እንጂ ረጅም ታሪክ አለው። የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች መሣሪያቸውን የት ያሳድሩ እንደነበር ስናይ፣ መሣሪያው የማን እንደነበረ፣ ሠራተኛውም ቦታ ሲቀይር ምን ይዞ መውጣት ይችል እንደነበር አብረን እናያለን። እኛ በሻንጣ መጥተን በሻንጣ የምንሄድ ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ይነካናል።

መሣሪያን ግድግዳ ላይ መስቀል ቤት ላለው ሰው ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚሠራ ባለሙያ መሣሪያውን የሚያሳድረው በሣጥን ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ ልጀምር።

በስዊድን አገር ጎትላንድ የምትባል ደሴት አለች። በፈረንጆቹ 1936 እዚያ ማስተርሚር በተባለ ቦታ፣ ቀድሞ ረግረግ የነበረ መሬት ሲታረስ ማረሻው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። የወጣው ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ ሣጥን ነበር። ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዕድሜው ደግሞ ወደ 1,000 ዓመት ይጠጋል። ከሣጥኑ ጋር ከ200 በላይ ዕቃዎች ተገኙ። መዶሻ፣ ጉጠት፣ መጋዝ፣ ሞረድ፣ መጥረቢያ፣ መሰርሰሪያ፣ የቁልፍ ዕቃዎች፣ የከብት ቃጭል ሳይቀር ነበረበት። የአናጢውም የቀጥቃጩም መሣሪያ በአንድ ሣጥን ነው ያለው። ባለቤቱ ያገኘውን ሥራ ሁሉ የሚሠራ ሰው ነበር ማለት ነው፤ እንጨትም ሲመጣ እንጨት፣ ብረትም ሲመጣ ብረት። ስሙን የሚያውቅ የለም። ሣጥኑ በጉዞ ላይ ውኃ ውስጥ ወድቆበት እንደቀረ ይገመታል። እንግዲህ ያን ቀን ያ ሰው እንጀራውን ነው ያጣው። ዛሬ ሣጥኑ በስቶክሆልም ቤተ መዘክር ይገኛል።

ከዚያ ወደ 800 ዓመት እንዝለልና ወደ እንግሊዝ አገር እንምጣ። በኬንት አውራጃ ቻታም በተባለች ከተማ ቤንጃሚን ሲተን የሚባል ወጣት የእንጨት ሠራተኛ ነበር። በ1796 ታኅሣሥ ላይ አባቱ ለንደን ከሚገኝ የታወቀ መሣሪያ ሠሪ ሙሉ የአናጢ መሣሪያ ገዙለት። ልጁ በ1797 ለመሣሪያዎቹ ሣጥን ሠራ። ከዚያ አንድ ነገር አደረገ፤ እኔ ከሥራው ሁሉ በጣም የወደድኩት ይኼንን ነው። የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ከነዋጋው በጽሑፍ አሰፈረ። ሣጥኑ፣ መሣሪያዎቹና ዝርዝሩ ዛሬም አሉ፤ ሮቸስተር ከተማ ቤተ መዘክር ውስጥ። ከዚያ ዘመን የአናጢ መሣሪያ በዚህ ያህል ሙሉ ሆኖ የቆየ እምብዛም የለም። ለምን ቆየ ቢባል ብዙ ስላልተሠራበት ነው፤ ይኼ ትንሽ ያሳዝናል። ብዙ የተሠራበት መሣሪያማ ይሳላል፣ ያልቃል፣ ይጣላል፤ ለቤተ መዘክር አይተርፍም።

በዚያ ዘመን የነበረው የአናጢ ሣጥን አሠራሩ ብልህ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ተራ ነገር ነው። ርካሽ እንጨት፣ ጠቆር ያለ ቀለም፣ በቃ። በጋሪ ሲጫን ቢጋጭ፣ ዝናብ ቢያገኘው አያሳዝንም። ክዳኑ ሲከፈት ግን ሌላ ነው፤ አንዳንዱ አናጢ ውስጡን በውድ እንጨት ያስጌጠው ነበር። ይኼ ጌጥ የሥራ ማስረጃም ነበር። አዲስ አሠሪ ፊት ክዳኑን ከፍቶ ማሳየት «እጄ ይኼን ይችላል» ማለት ነው። ውስጡ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተቱ ጥልቀት የሌላቸው መሳቢያዎች አሉ። በየቀኑ የሚነሣው ትንሽ ዕቃ፣ መሮው፣ መለኪያው፣ ከላይኛው መሳቢያ ይቀመጣል። ከባዱ መላጊያ ከታች ነው። መጋዙ ጥርሱ ከምንም ጋር እንዳይነካካ ለብቻው ማቆሚያ ተሠርቶለታል። ስለቱ የተጋጨ መሣሪያ ከጠፋ መሣሪያ አይሻልም፤ እንደገና መሳል የሥራ ሰዓት ይበላል።

አሠሪው የሚያቀርበው የመሥሪያ ጠረጴዛና እንጨት ሲሆን የእጅ መሣሪያው የሠራተኛው ነበር። አናጢው ከአሠሪው ጋር ቢጣላ ሣጥኑን ቆልፎ ይወጣል፤ ሙያውም መሣሪያውም አብሮት ይሄዳል። ግን ይኼ ነፃነት አደጋ አለበት። የሥራ ቦታው ከተቃጠለ፣ ወይ ሌባ ከገባ፣ አናጢው በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ይቀራል።

እዚህ ላይ የማኅበር ነገር ይመጣል። በ1859 የለንደን የግንባታ ሠራተኞች የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት ወደ 9 ሰዓት ይውረድልን አሉ። አሠሪዎቹ በሩን ዘጉባቸው፤ «ማኅበር አልገባም ብለህ ካልፈረምክ አትመለስም» አሏቸው። ከዚያ ጭቅጭቅ በኋላ በ1860 የእንጨት ሠራተኞች ተባብረው አንድ ትልቅ ማኅበር አቋቋሙ። በየሳምንቱ ከሚያዋጡት ገንዘብ ለታመመ፣ ሥራ ላጣ፣ ለሞተ አባል ይከፈል ነበር። ከነዚህ ጋር አንድ ለየት ያለ ነገር ነበራቸው፤ የመሣሪያ ክፍያ። የአባሉ መሣሪያ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ማኅበሩ ይተካለታል። እንደ ዕድር ነው፤ ልዩነቱ የሚለቀሰው ለሰው ሳይሆን ለመጋዝና ለመሮ መሆኑ ነው። ሰው ምን ምን እንደነበረው ካላወቀ ግን ምን ይተካለታል? የሲተን ዓይነት ዝርዝር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል።

ያ ማኅበር የወንዶች ነበር። በዚያው አገር በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶችስ? እነሱም ሣጥን ነበራቸው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የቤት ሠራተኛ ከገጠር ስትመጣ የሚቆለፍ ሣጥን ይዛ ትመጣ ነበር። ልብሷ፣ ደብዳቤዋ፣ መርፌና ክሯ፣ ያጠራቀመቻት ገንዘብ እዚያ ውስጥ ነው። የምትተኛበት ክፍል የራሷ አይደለም፤ አልጋውን እንኳ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ልትጋራ ትችላለች። የሷ የሚባለው ቦታ ያ ሣጥን ብቻ ነበር። የቤት ዕቃ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚፈተሸውም እሱ ነው። አናጢው ሣጥኑን የሚከፍተው ሙያውን ሊያሳይ ነው፤ እሷ ግን ሌባ አለመሆኗን ልታሳይ ነው የምትከፍተው። በመውጫ ቀን ሻንጣዋ የተበረበረባት እህት ይኼንን ስታነብ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሴቶቻችን መሣሪያ አልባ አልነበሩም። ፈትልን ብቻ እንውሰድ። ጥጡን ከፍሬው የሚለየው መዳመጫ፣ የሚያፍታታው ደጋን፣ የሚፈትለው እንዝርት አለ። ለስፌት ደግሞ ወስፌ አለ፤ ስንደዶና አክርማ ይዞ የሚሄድ። እነዚህ ዕቃዎች «የሥራ ቤት» የሚባል ክፍል አልነበራቸውም። ባዘቶውና እንዝርቱ በሙዳይ ወይም በሰፌድ ተደርጎ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ ኩላብ ይመታል፤ ወንፊቱም ሰፌዱም እዚያ ይንጠለጠላል። ሴትየዋ ቡና እስኪፈላ ሙዳዩን አውርዳ ትፈትላለች፣ እንግዳ ሲመጣ መልሳ ትሰቅላለች። መኖሪያውም መሥሪያውም አንድ ቤት ነው። ማንም «የእጅ ባለሙያ» ብሎ አልጠራትም እንጂ በየቤቱ ያለው ነጠላና ጋቢ የተጀመረው ከሷ እጅ ነው።

ክሩን የሚቀበለው ሸማኔም እንደዚያው በቤቱ ነው የሚሠራው። ከጋሞ ደጋ አገር የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ገብተው ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሲሰፍሩ ሙያቸውን ይዘው ነው የሰፈሩት። የሸማኔ ዕቃ ለስደተኛ የተመቸ ነው። እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ መሬቱ ላይ ይቆፈራል፤ የቀረው እንጨትና ገመድ ነው፣ ይፈታል፣ ይታሰራል። መወርወሪያው በእጅ ይያዛል፣ ቀሰሙ ጥቂት ቦታ ይበቃዋል። ቤት ሲቀይር ጉድጓዱን ትቶት ይሄዳል፤ በሄደበት ሌላ ይቆፍራል። ያም ሆኖ ይኼ ሁሉ ሙያ ክብር አልነበረውም። ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም ይሰደቡ ነበር፤ ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባል ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ዛሬም በአንዳንድ አፍ እንዴት እንደሚባል እናውቃለን።

ወደ ግድግዳው ልሻገር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ሄንሪ ስታድሊ የሚባል ሰው ነበር፤ ከ1838 እስከ 1925 የኖረ፣ ፒያኖ የሚሠራ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሣጥን ሠራ። ተዘግቶ ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። እንደ መጽሐፍ ሲከፈት 300 ያህል መሣሪያ ይታያል፤ እያንዳንዱ በልኩ በተቀረጸ ቦታ የገባ። አንዱን ረድፍ ወደ ላይ ሲያነሡት ከሥሩ ሌላ ረድፍ ይወጣል። ያለ ዝሆን ጥርስና ያለ ሉል ቅርፊት ጌጡ መሣሪያ እንደሚይዝ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ግን ጌጡንም አልተወም። ውብ ነው፤ ለኔ ግን ትንሽ በዛብኝ። ትምህርቱ ግን ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቅርጽ ያለው ማረፊያ ካለው የጎደለው ሳይቆጠር ይታያል።

ይኸው ሐሳብ በኋላ ርካሽ ሆኖ መጣ። በ1924 ዊሊያም ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ የእንጨት ፍቅፋቂን አፍልቶና ጨፍልቆ ጠንካራ ሰሌዳ የሚሠራበትን መንገድ አገኘ። እንደዚህ ያለ ሰሌዳ በቀዳዳ ተበስቶ፣ የሽቦ መንጠቆ እየተሰካበት በየመኪና ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ተመታ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባ። ጁሊያ ቻይልድ የምትባለው ታዋቂ የምግብ ባለሙያ በ1961 ኬምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ በነበረው ቤቷ ድስቶቿንና መጥበሻዎቿን በዚህ ሰሌዳ ላይ ነበር የምትሰቅለው። ባለቤቷ የእያንዳንዱን ድስት ዙሪያ በቀለም አሰመረላት፤ ማንም ሰው ታጥቦ የደረቀውን የት እንደሚመልስ ሳይጠይቅ ያውቃል። ወጥ ቤቱ እንዳለ ዋሽንግተን ቤተ መዘክር ገብቷል።

እኛ በምንሠራበት ወጥ ቤት ይኼን መስመር ያሰመረ የለም። መስመሩ ያለው በጭንቅላታችን ነው። የትኛው ቢላ ለሥጋ፣ የትኛው ለአትክልት፣ የትኛው ድስት የእንግዳ እንደሆነ፣ ልጁ የሚጠጣበት ኩባያ ከየትኛው ጀርባ እንዳለ እኛ እናውቃለን። ሠራተኛዋ አንድ ሳምንት ስትታመም ማዳም በገዛ ቤቷ ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያ ሁሉ ትከፍታለች። ዕቃው የሷ ነው፤ አቀማመጡ ግን የእኛ ሥራ ነው። ይኼን ችሎታ በራሳችን ዕቃ ላይ ለምን አናውለውም?

ለአልጋ ሥር ጥግ ብቻ ላላት ሴት ከግድግዳው ይልቅ የአናጢው ሣጥን ይጠቅማታል። ጠንካራ፣ የሚቆለፍ፣ ከውጭ ተራ የሆነ፤ ዓይን የማይስብ። ከታች ከባዱ፣ ብረት ማሞቂያው ወይም ጨርቁ። ከላይ ከካርቶን ወይም ከብስኩት ቆርቆሮ ክዳን የተሠራ ጥልቀት የሌለው ትሪ፤ መቀስ፣ ሜትር፣ ኖራ፣ መርፌ እዚያ ላይ። የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይቆርጥም፣ ከሌላ ብረትም ጋር አይጋጭም፤ ከወፍራም ጨርቅ ሰገባ ስፉለት። የባሕር ዳርቻ ከተማ አየር እርጥበት አለው፣ ብረት ያዝጋል። ተሠርቶ ሲያበቃ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ የስፌት ማሽን ዘይት ጠብታ ቀብቶ ማስቀመጥ ይበቃል። የፀጉር መሥሪያ ያላት ደግሞ ማበጠሪያዋን ሳይደርቅ አትክተት፤ ይሸታል።

ከዚያ ዝርዝሩ። የዕቃው ስም፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋው፣ ደረሰኝ ካለ ደረሰኙ፣ ማሽን ከሆነ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር። በአማርኛ ለራሳችን፣ በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ለሚጠይቀን ሰው። አንዱ ቅጂ ሣጥኑ ውስጥ ይሁን፤ ሌላው ደግሞ ከቤቱ ውጭ፣ የምታምኗት እህት ዘንድ ይቀመጥ። ሣጥኑ ከጠፋ ዝርዝሩም አብሮ እንዳይጠፋ።