ፋጉሎ፡ ከመኖነቱ ጋር የመጣው ስጋት ታሪክ

ኑግ፣ ለውዝ ወይም የጥጥ ፍሬ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ በፕሮቲን የዳበረ በመሆኑ ለእንስሳት መኖነት ያለው ጥቅም ለአባሎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ያልተያዘ ፋጉሎ ጉዳት እንደሚያስከትል ዓለም የተማረው በውድ ዋጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች አለቁ። መንስኤው ባለመታወቁም በሽታው «ኤክስ» የሚል ስም ተሰጠው። በመጀመሪያ ተላላፊ በሽታ ነው ተብሎ ቢጠረጠርም፣ ምርመራው ያመራው ወደ መኖው ነበር፤ ጫጩቶቹ የተመገቡት ከብራዚል የገባ የለውዝ ፋጉሎ ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ በፋጉሎው ላይ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ መርዝ ማመንጨቱ ተረጋገጠ። መርዙም ከሻጋታው ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ።

አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፣ የጫጩት እድገትንና የእንቁላል ምርትን ይቀንሳል። ሻጋታው ቢራገፍም መርዙ ይቀራል፤ በተራ ማፍላትም አይጠፋም። በአንዳንድ አገሮች ፋብሪካዎች ፋጉሎውን በአሞኒያ በማከም መርዙን መቀነስ ቢችሉም፣ ይህ ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ በመሆኑ በየቤቱ የሚሞከር አይደለም።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ችግር ደግሞ ከዚህ ይለያል። በፍሬው ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ጎሲፖል የተቀመጠ እንቁላልን አስኳል ወደ አረንጓዴነት ይለውጣል። ለዚህም በሙቀት ማከምና መኖው ላይ የብረት ሰልፌት መጨመር መፍትሔ ሆነው ተገኝተዋል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢው በተመረመሩት የወተት ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን ማግኘቱን ገልጾ፣ ዋነኛ ምንጩ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል። ላም የምትበላውን ፋጉሎ ዶሮም ስለምትበላው ጉዳዩ ዶሮ አርቢውንም ይመለከታል።

ስለሆነም የቅባት እህሉ ከመጨመቁ በፊት በሚገባ ሊደርቅ፣ ፋጉሎውም ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ አየር በሚያገኝና ዝናብ በማያስገባ መጋዘን ሊቀመጥ ይገባል። የሻገተውን ከደህናው ቀላቅሎ መሸጥ ኪሳራን ማዳን ሳይሆን ጉዳትን ለጎረቤት ማከፋፈል ነው። መጋዘንና መመርመሪያ ለአንድ ገበሬ ቢከብዱም፣ ለተባበሩት ግን አይከብዱም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ይህን የምሥረታ በዓላችንን ስናከብር ለፋጉሎ አያያዝ ተገቢውን ትኩረት እንስጥ።