አንድ ያርድ የቀረው ኳስ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የማወጋችሁ ስለ አንድ ኳስ ነው፤ በእግር ስለሚለጋው ሳይሆን አሜሪካኖች እየወረወሩና እየቀለቡ ስለሚጫወቱት፣ ሁለት ጫፉ ስለሾለው ሞላላ ኳስ። ጨዋታውን አይታችሁ የማታውቁም አትስጉ፤ ነገሩ የሰው ነገር ነው፣ እየሄድን ይገባናል።

ወጋችን የሚነሣው ከብርድ አገር ነው። በዊስኮንሲን ግዛት፣ ከሚሺጋን ሐይቅ ተገንጥሎ ወደ የብስ በገባ ውሃ ዳር፣ ግሪን ቤይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ቡድኗ ፓከርስ ይባላል፣ ባለቤቱም አንድ ባለጠጋ ሳይሆን አክሲዮን የገዛ ብዙ ተራ ሰው ነው። በክረምት እዚያ ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ እንደ ጭስ ይታያል፤ ሰዉ ግን ካፖርት በካፖርት ላይ ደርቦ፣ ልጁን አቅፎ፣ ላምቦ ፊልድ ወደሚባለው ስታዲየም ይጎርፋል፣ እናም ሰዓታት ሙሉ በብርድ ቆሞ ይጮኻል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 2015፣ እሑድ፣ ከቴክሳስ የዳላስ ካውቦይስ ወደዚያ ብርድ መጡ፤ የተሸነፈው ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ ያሸነፈው ወደፊት የሚያልፍበት ጨዋታ ነበር። ተጫወቱ፣ ተጫወቱ፣ እናም ሊያልቅ 4 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ሲቀረው ግሪን ቤይ 26 ለ 21 ይመራ ነበር፤ ኳሱ ግን በዳላስ እጅ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፣ በአራቱ 10 ያርድ ካልገፋ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። ዳላሶች ሦስቱን ጨርሰው አራተኛው ላይ ደርሰዋል፣ የጎደላቸውም ሁለት ያርድ ብቻ ነበር፤ ሰው ሁለት ጊዜ ሰፋ አድርጎ ቢራመድ የሚጨርሰው።

ወርዋሪው ቶኒ ሮሞ ግን በሁለት ያርድ የሚረካ አልሆነም። ጨዋታው ከ32ኛው ያርድ መስመር ተነሣ፣ ሮሞም ኳሱን አርቆ ወደ ላይ ሰደደው፣ ኳሱም በዚያ ብርድ አየር ውስጥ እየተሽከረከረ ሄደ፣ ሄደና መውረድ ሲጀምር 88 ቁጥር ለባሹ ዴዝ ብራያንት ከተከላካዩ ከሳም ሺልድስ ራስ በላይ ተወነጨፈ፣ ከአየር ላይም ቀለበው። ከዚያም ወረደ፤ አንድ ረገጠ፣ ሁለት ረገጠ፣ ሦስት ረገጠ፣ እየወደቀም ኳሱን ወደ ግራ እጁ አሸጋግሮ ወደ ግቡ መስመር ዘረጋው። መሬት ሲመታው ኳሱ ነጠረ፣ ብራያንትም እየተንከባለለ መልሶ አቀፈው። በቅርብ የነበረው ዳኛ ተይዟል አለ፤ ለግቡ የቀረውም አንድ ያርድ ብቻ ነበር።

የግሪን ቤይ አሠልጣኝ ማይክ ማካርቲ ቀይ ጨርቁን ወደ ሜዳ ወረወረ፤ ይታይልኝ ማለት ነው። ዋናው ዳኛ ጂን ስቴራቶሬም ወደ ሜዳው ዳር ሄደ፣ ከመጋረጃው ስር ጎንበስ ብሎ የተቀዳውን ምስል አየ፣ ደግሞ አየ፣ እናም ወጥቶ ኳሱ አልተያዘም አለ። ግሪን ቤይ ኳሱን ተረከበ፣ ሰዓቱንም እየተጫወተ ጨረሰው። ዳላሶች 26 ለ 21 እንደተሸነፉ ወደ ቴክሳስ ተመለሱ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቀመጥ። በኛ ቋንቋ ቀለበ፣ ጨበጠ፣ ያዘ የሚሉ ቃላት አሉን። የተወረወረን ነገር ከአየር ላይ መቀበል መቅለብ ነው፤ ጣትን ማጠፍ መጨበጥ ነው፤ ያዘ ስንል ግን የራሱ አደረገው ማለታችን ነው፣ ለዚህም ትንሽ ጊዜ ያስፈልጋል። ያ ጊዜ ስንት ነው? ስታዲየም ሙሉ ሰው ያጨቃጨቀው ይህ ነው። የዚያን ዘመን ደንብ፣ ኳስ ሲቀልብ የሚወድቅ ሰው መሬት ነክቶ እስኪያበቃ ድረስ ኳሱን አጥብቆ መያዝ አለበት ይል ነበር። ደንቡ በክፋት የተጻፈ አይደለም፤ እጅ የነካ ሁሉ ተያዘ ከተባለ፣ ወዲያው ያመለጠ ኳስ ሁሉ ከሜዳ ላይ የሚነጠቅ ይሆናልና ያንን ፈርተው ነው። ስለዚህ ዳኛውን አልወቅስም፤ የተጻፈውን አነበበ። ግን ሦስት ጊዜ ረግጦ፣ እጅ ቀይሮ፣ ወደ ግብ የተንጠራራን ሰው ኳሱን አልያዝክም ማለት፣ ያየ ዓይን ሁሉ አላየህም እንደ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሰውን ከመሸነፍ ይልቅ ያመዋል።

ለዚያ ዳኛ ነገሩ የመጀመሪያው አልነበረም። ከዚያ ከአራት ዓመት በፊት፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2010፣ ስቴራቶሬ በቺካጎ፣ ሶልጀር ፊልድ ላይ ነበር። የዲትሮይት ላየንስ እንግዳ ሆነው መጥተዋል፤ ከሁለት ዓመት በፊት 16 ጨዋታ ተጫውተው 16ቱንም የተሸነፉ ምስኪኖች ነበሩ። 19 ለ 14 እየተመሩ፣ ደቂቃው አልቆ ሰከንድ ሲቆጠር፣ ካልቪን ጆንሰን ከተከላካዩ በላይ ዘልሎ ኳሱን በግቡ ክልል ውስጥ ቀለበ፣ በሁለት እግሩ አረፈ፣ በመቀመጫው ወደቀ፣ ከዚያም ደስ ብሎት ሊነሣ በያዘበት እጁ ኳሱን መሬት ላይ አስደግፎ ተወው። አንዱ ዳኛ ግብ ነው ብሎ እጁን አነሣ፤ ተመካከሩና አይደለም ተባለ። ጆንሰን ለመነሣት ቸኮለ፣ ቡድኑም ተሸነፈ። ያ ሰው ኳሱን ሌላ ሁለት ሰከንድ አቅፎ ቢተኛ ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

በድሮው ጊዜ እንዲህ ያለው ክርክር ከዳኛው ዓይን አያልፍም ነበር። ምስል አይቶ መፍረድ በ1986 ተጀመረ፣ ከ1991 በኋላ ቀረ፣ በ1999 ተመለሰ፤ በተመለሰበት የውድድር ዘመንም፣ በጃንዋሪ 2000፣ ሴንት ሉዊስ ላይ የታምፓ ቤዩ በርት ኢማኑኤል ደረቱ ላይ ያቀፈው ኳስ ጫፉ መሬት ነክቷል ተብሎ ተሻረበት፣ ደንቡም ከዚያ በኋላ ተለወጠ። ካሜራው እውነት ይናገራል፤ ነገር ግን አንዱን ሰከንድ ጎትቶ ያረዝመዋል፣ እናም ሰው በቅጽበት የጨበጠው ኳስ በተጎተተው ምስል ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ የጣት ስፋት ያህል ሲንሸራተት ይታያል። ካሜራው ስለት ባወጣ ቁጥር ደንቡም ቃል ይጨምር ነበር፤ ቃሉ በበዛ ቁጥር ደግሞ ተመልካቹ የሚያየውን ማመን አቃተው።

ጽዋው የሞላው በፒትስበርግ ነው። ዲሴምበር 17 ቀን 2017፣ 28 ሰከንድ ሲቀር፣ የስቲለርሱ ጄሲ ጄምስ ኳሱን ቀልቦ በጉልበቱ ወረደና በሁለት እጁ ከግቡ መስመር አሻገረው፤ ስታዲየሙ በደስታ ተናወጠ። ኒው ዮርክ ያሉት ፈራጆች ምስሉን አዩ፣ መሬት ሲነካ ኳሱ ተንቀሳቅሷል አሉ፣ ግቡም ተሻረ። ብዙም ሳይቆይ የተወረወረው ኳስ በባላጋራቸው በፓትሪየትስ ተጠለፈ፣ ስቲለርሶችም 27 ለ 24 ተሸነፉ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018፣ ሚኒያፖሊስ ላይ ሱፐር ቦውል የሚባለው የፍጻሜ ጨዋታ ሆነ። የፊላደልፊያው ዛክ ኧርትዝ ቀለበ፣ ሦስት ጊዜ ረገጠ፣ ወደ ግቡ ተወረወረ፣ ኳሱም መሬት መትቶ ከእጁ ነጠረ፤ ልክ እንደ ብራያንት። ሜዳው ላይ የነበረው ዋና ዳኛ ማን ነበር? ያው ጂን ስቴራቶሬ ነበር። አገር ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፣ ምስሉ ታየ፣ እናም ግብ ነው ተባለ፤ ኧርትዝ ኳሱን ይዞ ሯጭ ሆኗልና። ፊላደልፊያ 41 ለ 33 አሸነፈ። ስቴራቶሬም በዚያው ዓመት ፊሽካውን ሰቀለ።

ማርች 27 ቀን 2018 የቡድን ባለቤቶቹ ኦርላንዶ ተሰበሰቡና ደንቡን በ32 ለ 0 ድምፅ ለወጡት። መሬት ነክቶ እስኪያበቃ የሚለው ቃል ወጣ። አሁን የሚጠየቀው ኳሱን መቆጣጠር፣ ሁለት እግር ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል ከሜዳው ውስጥ ማሳረፍ፣ ከዚያም እንደ ተጫዋች አንድ ነገር ማድረግ ወይም ለማድረግ የሚበቃ ጊዜ ማግኘት ነው፤ ሦስተኛ እርምጃ መርገጥ፣ ወይም ወደ መስመሩ መንጠራራት። እስቲ ወደ ግሪን ቤይ ተመልሳችሁ ቁጠሩልኝ፤ አንድ ረገጠ፣ ሁለት ረገጠ፣ ሦስት ረገጠ፣ ተንጠራራ። ደንቡ በሦስት ዓመቱ ብራያንት ዘንድ ደረሰ።

ከድምፅ አሰጣጡ በኋላ 17 ቀን ቆይቶ፣ ኤፕሪል 13፣ ዳላስ ብራያንትን አሰናበተው።